ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ንባብን ማስለመድ፦ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የአሠራር መመሪያ

«ተማሪዎቼ አያነቡም፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ወደሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዲስ ከሚመደቡ መምህራን በየጊዜው ይቀርብልኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከመነሻው ጀምሮ ማስረዳት አዳጋች ስለሆነ፣ አሠራሩን በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ። መመሪያው አንድ መምህር፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ፣ ልዩ በጀት ሳይጠይቅ ሊፈጽመው በሚችለው መጠን የተዘጋጀ ነው። በይበልጥ የሚመለከተው የአማርኛ መምህራንን ቢሆንም፣ የክፍል ኃላፊ የሆነ የማንኛውም ትምህርት መምህር ሊሠራበት ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

የሚገቡበት ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ሊሆን ይችላል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢባልም፣ ስም ተጠርቶና ሰሌዳ ጠፍቶ የሚተርፈው ከዚያ ያንሳል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ ወይም እርሻ ያግዛሉ፤ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ውኃ የሚቀዱትም፣ ወጥ የሚሠሩትም፣ ልብስ የሚያጥቡትም ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ተማሪ «ቤትህ ሄደህ አንብብ» ብሎ ማዘዝ ውጤት የለውም፤ ቤት የሚባለው አራት ሆነው የሚያድሩበት አንድ ክፍል ነውና። ስለዚህ ንባቡ መጀመር ያለበት ክፍል ውስጥ፣ በእርስዎ ክፍለ ጊዜ፣ እርስዎ ባሉበት ነው። ቀጥሎ የተዘረዘረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው ነገር የቋንቋው ሽግግር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ የተማረ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ያን ጊዜ መጽሐፍ ከፍቶ ምንም ሳይገባው መዝጋትን ይለምዳል፤ ልማዱ ደግሞ በአማርኛ ወደተጻፈውም ይሻገራል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ስለቆዩ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የዕድሜና የንባብ ችሎታ ልዩነቱ ሰፍቶ ያገኙታል። ከመካከላቸው ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ተማሪ ቢገጥምዎት አይደነቁ።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

• ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን፣ 1
• ለውሰት መዝገብ የሚሆን ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ 1
• ቢያንስ 45 የንባብ ጽሑፎች (አሰባሰቡ በተራ ቁጥር 3 ተገልጿል)
• ወስፌ፣ ምላጭ፣ ጆንያ የሚሰፋበት ወፍራም ክርና መርፌ
• ለሽፋን የሚሆን የሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን፣ ኮላ፣ ስኮች
• ለመለበጃ አሮጌ ጋዜጣ ወይም የግድግዳ ካላንደር፣ በላዩ ላይ ላስቲክ
• ለዝናብ ጊዜ ንጹሕ ፌስታሎች
• ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ

ቅደም ተከተል

1. ሰዓቱን አስቀድመው ያስፈቅዱ።
በሳምንት 2 ቀን፣ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ 10 ደቂቃ ለጸጥታ ንባብ እንደሚውል ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎና ለርእሰ መምህሩ ይንገሩ፤ በሳምንታዊ ዕቅድዎም ላይ በማንበብ ክሂል ሥር ያስፍሩት። ይህ የሚያስፈልገው፣ በር ከፍቶ የሚገባ ሱፐርቫይዘር 60 ተማሪ ዝም ብሎ፣ መምህሩም ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ቢያገኝ ትምህርት እየተሰጠ ስለማይመስለው ነው። በዕቅዱ ላይ ከሰፈረ ግን ጥያቄው እዚያው ያበቃል።

2. እያንዳንዱ ተማሪ እንዴት እንደሚያነብ ለብቻው ያዳምጡ።
ተማሪዎቹ ከዚህ ቀደም ያላዩት፣ 100 ቃላት ያህል ያለው ቀላል ትረካ ይምረጡ። ሌሎቹ የጽሕፈት ሥራ ላይ እያሉ በየቀኑ አምስት አምስት ተማሪ ወደ ጠረጴዛዎ ይጥሩና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእርስዎ ብቻ እንዲያነብ ያድርጉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የደረሰበትን ቃል በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ ወረቀቱን ወስደው «እስኪ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁት። ፍጥነቱን ማየቱም መጠየቁም ያስፈልጋሉ፤ ፊደሉን ሳይደናቀፍ እያነበበ ምን እንዳነበበ የማያውቅ ተማሪ አለና።

ይህን ለመለየት ጽሑፉ ውስጥ ጠብቀውና ላልተው ሲነበቡ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላት ይኑሩበት። «ለገና ገና ሦስት ሳምንት አለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እየተረዳ የሚያነብ ተማሪ የፊተኛውን ገና አጥብቆ፣ የኋለኛውን አላልቶ ያልፋል። ሳይረዳ የሚያነበው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል፣ ወይም ቆሞ ወደኋላ ይመለሳል። የሚደናቀፈው እንደ «ኳ»፣ «ሟ»፣ «ጓ» ባሉት ፊደላት ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይስተካከላል።

ውጤቱን በሦስት ይመድቡት፦ አቀላጥፎ የሚያነብና የሚረዳ፣ የሚያነብ ግን ቶሎ የሚደክም፣ ፊደል የሚቆጥር። ምድቡ በእርስዎ ማስታወሻ ላይ ብቻ ይቀመጥ። ዓላማው ለማን ምን ያህል ርዝመት ያለው ጽሑፍ እንደሚሰጡ ማወቅ ነው። ይህ ሥራ ሳይሠራ ሳጥኑ ቢከፈት ለደካማው አንባቢ 300 ገጽ መጽሐፍ ይደርሰዋል፤ በሁለተኛው ቀን መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ እጁን ወደ ሳጥኑ አይዘረጋም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ምርመራ በክፍሉ ፊት አያድርጉት። የ16 ዓመት ወጣት በእኩዮቹ ፊት ፊደል ሲቆጥር ከተሰማ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ የሚያዋርድ ነገር ሆኖ ይታየዋል።

3. ጽሑፎቹን ይሰብስቡ፤ ከጎደሉም ያባዙ።
መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ይመልከቱ። አብዛኛው መደርደሪያ በመማሪያና በማጣቀሻ መጻሕፍት የተያዘ ቢሆንም፣ ከጥግ ላይ አቧራ የጠጡ ልቦለዶችና መጽሔቶች አይጠፉም። ቀጥለው የሥራ ባልደረቦችዎን፣ ከትምህርት ቤቱ ተመርቀው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎችን፣ እንዲሁም በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው የሚሸጡ ነጋዴዎችን ይጠይቁ። ከቀድሞ ተማሪዎች ሲጠይቁ «መጽሐፍ ለግሱን» ብሎ በጅምላ ከመናገር፣ «በጉርምስናህ የወደድከውን አንድ መጽሐፍ ላክልን» ማለት ይሻላል፤ በጅምላ የተጠየቀ ሰው የሚልከው ቤቱ ውስጥ ቦታ ያጣበበበትን ነው።

ምርጫዎን ለማገዝ ተማሪዎቹን በብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ሳይጽፉ «በቅርቡ የወደዳችሁት ታሪክ ምንድን ነው? የሰማችሁት፣ ያያችሁት ወይም ያነበባችሁት ሊሆን ይችላል» ብለው ያጽፏቸው። ብዙው መልስ ፊልም፣ የሬድዮ ትረካ ወይም አያት የነገሯት ተረት ይሆናል። ከዚህ መልስ ክፍሉ የሚወደው የወንጀል ምርመራ ይሁን፣ ፍቅር፣ የጦር ሜዳ ታሪክ ወይም ቀልድ፣ ያውቃሉ።

የሚመረጥ ጽሑፍ ሦስት ምልክቶች አሉት፦ ቀጭን ነው፤ ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ነገር ይደርሳል። በመልክዓ ምድር ገለጻ አምስት ገጽ የሚሄድ መጽሐፍ ለለመደ አንባቢ መልካም ነው፤ ለጀማሪ ግን በር ይዘጋበታል። የስኬትና የምክር መጻሕፍትም ሳጥኑን እንዳይሞሉት ይጠንቀቁ። ወጣቶቹ ምክር ከቤት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከጠዋት ሰልፍ በበቂ ያገኛሉ።

አሁን የቁጥር ችግር ይመጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በየዴስኩ ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ፣ ሦስተኛው ለብቻው ስለሚያነቡ ለ60 ተማሪ ቢያንስ 40 ጽሑፍ በአንድ ላይ ያስፈልጋል፤ ለቅያሬ አምስት ይጨመርበት። ይህን ያህል ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የአጫጭር ልቦለዶችን መድበል ፈትቶ እያንዳንዱን ታሪክ ለብቻው መጠረዝ ነው። 12 ታሪክ ያለው አንድ መድበል ሲፈታ 12 ጥንድ ተማሪ ያስነብባል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀ) የመጽሐፉን ሽፋን ይላጡና ጀርባው ላይ ያለውን ደረቅ ኮላ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ያድርጉ። ታሪኩ በሚያበቃበት ገጽ ላይ መጽሐፉን ለጥጠው ከፍተው ምላጩን ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ ይሳቡት።
ለ) አንዱ ታሪክ ያለቀበት ወረቀት ጀርባው ላይ ሌላው ታሪክ የሚጀምር ከሆነ፣ ያንን አንድ ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርገው ለጎደለው ይጨምሩለት።
ሐ) ወረቀቶቹን በጠረጴዛ ላይ መታ መታ እያደረጉ ጠርዛቸውን ያስተካክሉ፤ ከፊትና ከኋላ በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ያድርጉ።
መ) ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ይብሱ፤ አንዱ መካከል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብለው። ቀዳዳው ወደ ጫፉ ከቀረበ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ በጣም ከገባ ደግሞ የመስመሩ መጀመሪያ ፊደላት ተሸፍነው አይነበቡም።
ሠ) ክሩን ከጀርባ በመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ፊት ያውጡ፤ በላይኛው ወደ ጀርባ ይመልሱ፤ በጀርባ በኩል እስከ ታችኛው ቀዳዳ ወስደው ወደ ፊት ያውጡት፤ በመጨረሻም በመካከለኛው ወደ ጀርባ አስገብተው ከመጀመሪያው ጫፍ ጋር አጥብቀው ይቋጩት። ስቴፕለር አይጠቀሙ፤ ሽቦው ይዝግና ወረቀቱን ይበላዋል።
ረ) በሽፋኑ ላይ የታሪኩን ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ስም፣ የገጹን ብዛትና የሳጥኑን ተራ ቁጥር ይጻፉ። የገጹ ብዛት ሽፋኑ ላይ መታየቱ ደካማውን አንባቢ ያደፋፍረዋል፤ «9 ገጽ» የሚል ሽፋን አይቶ የሚሸሽ ተማሪ ጥቂት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚፈታው መጽሐፍ የግልዎ ወይም ለዚሁ የተለገሰ ብቻ መሆን አለበት። በንብረት ክፍል የተመዘገበ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ገጹ ቢነካ ኃላፊነቱ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። እንዲሁም አንድን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማባዛት፣ በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን ያልተፈቀዱ ቅጂዎች አትሞ ማደልም፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን የሚጥስ ስለሚሆን ከዚህ ይራቁ።

4. እያንዳንዱን ጽሑፍ አስቀድመው ያንብቡት።
ይህ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም የሚዘለል አይደለም። አንድም፣ የትኛው ጽሑፍ ለየትኛው ተማሪ እንደሚሆን የሚያውቁት በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የወላጅን ቅሬታ የሚያስከትል፣ ሃይማኖትን ወይም ብሔርን የሚነካ፣ ወይም ለዕድሜያቸው የማይመጥን ነገር ካለበት ቀድመው ያወጡታል። በአንድ መጽሐፍ ምክንያት አንድ አባት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ቢመጣ፣ የሚዘጋው መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ሳጥኑ ነው።

5. ሳጥኑን የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ይምረጡ።
አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ቢሆኑ፣ ከተቻለም ከክፍሉ የደረጃ ተማሪዎች ውጭ ቢሆኑ ይመረጣል። ሳጥኑ በአንደኛና በሁለተኛ ወጪዎች እጅ ከሆነ ሌላው «የጎበዞች ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል። መዝገቡ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ተራ ቁጥር፣ ርእስ፣ የተዋሽ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። የሚሞሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የእርስዎ ሥራ በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነው። ሳጥኑ የሚያድርበትን ቦታ ግን እርስዎ ይወስኑ፤ በፈረቃ በሚማር ትምህርት ቤት ውስጥ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ የሌላ ተማሪ ስለሆነ፣ በመምህራን ማረፊያ ወይም በቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡት።

6. ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።
ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት፣ በተፈቀደው 10 ደቂቃ ውስጥ ከተጠረዙት ታሪኮች አንዱን በተገቢው ድምፅና አነጋገር ያንብቡ። ከዚያ ታሪኩ በጣም በሚጥምበት ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ሌባው በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል። «ቲቸር፣ ይቀጥሉ!» ቢሉም አይቀጥሉ። ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ዕለቱ ትምህርት ይግቡ። የቀረውን ማንበብ የሚፈልግ ካለ በዕረፍት ሰዓት ከሳጥን ጠባቂዎቹ ሊዋስ እንደሚችል ብቻ ይናገሩ።

ጮክ ብሎ ማንበቡ የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ነው። ፊደል የሚቆጥረው ተማሪ ታሪኩን ሳይደክም ይሰማዋል፤ በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ሲያነብ ግማሹን ስለሚያውቀው አይከብደውም። አቀላጥፎ የሚያነበው ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ ፈተና የሌለበት ነገር እንዳለ ያያል። ሲያነቡ እየቆሙ የቃላት ፍቺ አይስጡ፤ ታሪኩ ይቆራረጣል።

7. የጸጥታውን 10 ደቂቃ ይጀምሩ።
በሦስተኛው ሳምንት ሳጥኑ ይከፈታል። ጠባቂዎቹ ደወሉ እንደተደወለ ጽሑፎቹን በየዴስኩ ያድላሉ፤ እርስዎ ሲገቡ እደላው ማለቅ አለበት። በአንድ ጽሑፍ ሁለት ተማሪ ስለሚያነብ በተራ ቁጥር 2 የያዙትን ማስታወሻ ተመልክተው በንባብ ፍጥነት የሚቀራረቡትን አጎራብተው ያስቀምጡ። ፈጣኑና ዝግተኛው አብረው ከተቀመጡ፣ ፈጣኑ ገጹን ሳይጨርስበት ይገልጥበታል፤ ዝግተኛውም ማንበቡን ትቶ የሚያነብ መምሰል ይጀምራል። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ሦስተኛው የራሱ አጭር ጽሑፍ ይሰጠው።

ደንቦቹ ጥቂት ናቸው፦ አይወራም፤ ሌላ ደብተር አይከፈትም፤ ጽሑፉ ያልጣመው ተማሪ ከሁለት ገጽ በኋላ ሊቀይር ይችላል። የመቀየር መብት መሠረታዊ ነው። ለማንበብ ያልለመደ ወጣት የማይጥመውን ነገር እስከ መጨረሻው እንዲገፋ ከተገደደ የሚማረው መጥላትን ነው።

እርስዎም በእነዚህ ደቂቃዎች ያንብቡ። ፈተና ማረም፣ የስም መጥሪያ መሙላት ወይም ስልክ መመልከት አይፈቀድም፤ የተማሪው ዓይን ከመጽሐፉ ይልቅ በመምህሩ ላይ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላ ዴስክ ሳቅና መጎነታተል ይኖራል። ስም ጠርተው ከመቆጣት ይልቅ መጽሐፍዎን እንደያዙ ሄደው አጠገባቸው ቆመው ማንበብዎን ይቀጥሉ። 10ኛው ደቂቃ ሲሞላ፣ ደስ ቢላቸውም፣ ያቁሙ። የሰዓቱ መከበር ነው ሥራውን ከዓመት እስከ ዓመት የሚያዘልቀው፤ አንድ ቀን 25 ደቂቃ ከተወሰደ በሚቀጥለው ሳምንት ምዕራፉ ወደኋላ ቀረ ተብሎ ንባቡ ይሰረዛል።

ለምን በክፍለ ጊዜው መጨረሻ አይሆንም የሚል ጥያቄ ይነሣል። በመጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ማስታወሻ ሲገለበጥ፣ የቤት ሥራ ሲሰጥ፣ ደወል ሲቀድም ይጠፋል። በመጀመሪያ ላይ ሲሆን ግን ከስፖርት ወይም ከዕረፍት እየተንጫጩ የገቡት ተማሪዎች ይረጋጋሉ፤ የሚወስዱትን 10 ደቂቃ በከፊል በዚህ ይመልሱታል።

8. ፈተና ሳይሆን ወሬ ያስከትሉ።
ከንባቡ በኋላ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይስጡ። «ማን ነው ዛሬ የተናደደበት ሰው ያገኘው?»፣ «መጨረሻውን የገመተ አለ?» የመሳሰሉ ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ መልሱ በፈቃደኝነት ይሁን። ማርክ አይያዝበት። የመጽሐፍ ዘገባ ከማርክ ጋር ሲጠየቅ አንድ ተማሪ ያነባል፣ 59ኙ ይገለብጣሉ፤ እርስዎም 60 ወረቀት ያርማሉ። ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ካለው፣ በዕረፍት ሰዓት ከአንድ ታሪክ ግማሽ ገጽ እንዲነበብና በጉጉት ቦታ እንዲቆም ያድርጉ፤ ሌላውም ክፍል ሳጥኑን መፈለግ ይጀምራል።

9. ወደ ቤት የሚወሰደውን እንደ ወቅቱ ይመጥኑ።
ወደ ቤት የሚወሰድ ውሰት የሚጀመረው የክፍሉ ንባብ ለአንድ ወር ያህል ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ነው። ዓርብ ዕለት ይስጡ፤ የገጠሩ ተማሪ ለቤተሰቡ ሊያነብላቸው ይችላልና፣ ተረትና አጫጭር ትረካ ቢይዝ ይመረጣል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የጤፍና የስንዴ አጨዳ፣ ቀጥሎም ውቂያ ስለሚመጣ፣ በዚያ ወቅት ከ10 ገጽ የማይበልጥ ብቻ ያውሱ፤ የመመለሻውንም ጊዜ ሁለት ሳምንት ያድርጉት። ረጅሙን ልቦለድ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ያቆዩት። ሴት ተማሪዎች ከትምህርት መልስ እስከ ማታ በሥራ ስለሚያዙ ከወንዶቹ ዘግይተው ቢመልሱ ስንፍና አድርገው አይውሰዱባቸው። ለሁሉም ጽሑፉን በፌስታል ጠቅልለው ይስጡ፤ ጓዙ ውስጥ በርበሬና ዘይት፣ መንገዱ ላይ ዝናብ አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ በኩራዝ ወይም በሻማ አልጋ ላይ ሆነው እንዳያነቡ ደጋግመው ይንገሯቸው። መብራት በሌለበት ቤት የሚኖር ተማሪ በትምህርት ቤት ግቢ፣ ገና ሳይመሽ እንዲያነብ ያበረታቱት።

10. ከአንድ መንፈቀ ዓመት በኋላ ወደ መማሪያ መጻሕፍትና ወደ እንግሊዝኛ ያሸጋግሩ።
ከሁለቱ የንባብ ቀናት አንዱን ለዚህ ይመድቡ። ከእንግሊዝኛ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ከግማሽ ገጽ የማይበልጡ ቀላል ምንባቦች ያዘጋጁ፤ ከእያንዳንዱ ግርጌ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ከባድ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ይጻፉ። ፍቺው እዚያው ካልተገኘ ተማሪው መዝገበ ቃላት ፍለጋ አይሄድም፤ ዘሎ ያልፋል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለብቻው ይታያል። ብሔራዊ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪው ዓመቱን ሙሉ በወርክሺትና በቀድሞ ጥያቄዎች ተጠምዶ ያገኙታል፤ ልቦለድ ቢሰጡት ጊዜውን የሚሻሙት ይመስለዋል። ከእሱ ጋር መሟገት አያስፈልግም። የእንግሊዝኛው ፈተና ምንባቦች ስላሉበት 10 ደቂቃውን ምንባብ በጸጥታ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ያውሉት። መዋስ ለሚፈልግ ሳጥኑ ክፍት ይሁን። ሥራውን ከመነሻው የመጀመር ዕድል ካለዎት ግን 9ኛ ክፍልን ይምረጡ።

11. ለውጡን ይለኩ።
በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ በተራ ቁጥር 2 የተገለጸውን ምርመራ በሌላ፣ ነገር ግን በክብደት ተመሳሳይ በሆነ ጽሑፍ ይድገሙት። ከመዝገቡም ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የተዋሱትን ይቁጠሩ። አንድ ጊዜ የተዋሰ ሰው ጓደኛው ስለተዋሰ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ የተዋሰው ግን አንብቧል። ለሪፖርት ሲባል የውሰቱን ቁጥር ማሳደግ ራስን ማታለል ስለሆነ፣ ጥቂትም ቢሆን ያለውን ያስፍሩ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

• ንባብን ቅጣት ማድረግ። ያረፈደ ወይም የረበሸ ተማሪ «ቤተ መጻሕፍት ገብተህ አንብብ» ሲባል፣ መጽሐፍ ከጅራፍ ጋር ይመደባል።
• ብዙ ላነበበ ሽልማት ማዘጋጀት። ሽልማቱን የሚወስዱት ከመጀመሪያውም የሚያነቡት ናቸው፤ ሌሎቹ ከውድድሩ ጋር ንባቡንም ይተዉታል።
• የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቶ ሥራውን አለመቀጠል። ባነርና ንግግር አያስፈልግም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ሳይቀር መደረጉ ይበቃል።
• ስልክን እንደ ጠላት መቁጠር። በስልክ የሚያነብ ተማሪ ካለ ምን እንደሚያነብ ይጠይቁት፤ ተመሳሳዩን በወረቀት ለመፈለግ ጥሩ ፍንጭ ነው።
• መጽሐፍ ሲጠፋ ሳጥኑን መዝጋት። በየዓመቱ ጥቂት ጽሑፎች ይቀራሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ አስቀድሞ በ45ቱ ላይ መጨመር እንጂ ውሰቱን ማቆም መፍትሔ አይሆንም።

12. በሰኔ ይሰብስቡና ያስረክቡ።
የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ውሰቱን ያቁሙ፤ ከፈተናው በኋላ የገጠር ተማሪዎችን በከተማው አያገኟቸውም። ጠባቂዎቹ መዝገቡን ይዘው ያልተመለሱትን በስም እየጠሩ ይሰብስቡ፤ የላላውን ክር አጥብቁ፣ የተቀደደውን በስኮች ለጥፉ ይበሏቸው። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱትን በፊርማ ይመልሱ። የክረምቱ እርጥበትና አይጥ ስለሚያበላሹ ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ጽሑፎቹን በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ። ሳጥኑን ለሚቀጥለው ዓመት የሚረከበውን መምህር ስም በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፉ። ባለ 9 ገጽ ታሪክ ጠፋበት ተብሎ የአንድም ተማሪ ካርድ ወይም ክሊራንስ እንዳይያዝ ለጽሕፈት ቤቱ አስቀድመው ያሳውቁ።